የበራው ሁሉ እባጭ ነውን? ስለ አብሪ ቀለሞችና ስለ ፒቱታሪ ዕጢ ኦፕራሲዮን የተጻፈውን ስንመረምር

በራስ ቅል ወለል ላይ የሚበቅሉትን እባጮች ራስ ቅል ሳይከፈት በአፍንጫ በኩል ገብቶ የማውጣት ጥበብ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት እጅግ ተስፋፍቷል። ከዚሁ ጋራ አንድ ተስፋ ተያይዞ መጥቷል፤ ይኸውም ለበሽተኛው አንድ ዓይነት ቀለም ተሰጥቶት፥ ቀለሙም በተለየ መብራት ሲታይ እባጩ እንዲበራ፥ ጤነኛው ሥጋ ግን ጨለማ ሆኖ እንዲቀር የማድረግ ተስፋ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ስለዚሁ ተስፋ በየሕክምናው መጽሔት የተጻፈውን ነው። አሳባችንን አስቀድመን እንግለጽ፤ ቀለሙ እንደሚበራ አንክድም። የምንጠይቀው የበራው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ስለ ቃላት ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ይኖራል። ሆርሞን የሚያመነጨውንም የተፈጥሮ ብልት ዕጢ እንለዋለን፤ ያለ ቦታው የበቀለውንም ሥጋ ዕጢ እንለዋለን። እኛ ግን አንባቢ እንዳይደናገር ፊተኛውን ብቻ ዕጢ፥ ኋለኛውን እባጭ ብለን እንጽፋለን። ይህ የቋንቋችን ድኽነት ነው የሚል ቢኖር፥ ከመፍረዱ በፊት የሐኪሙን ችግር ይስማ። ፒቱታሪ ዕጢ ላይ ኦፕራሲዮን የሚያደርገው ሐኪም ገብቶ ሲያይ፥ ዕጢውና በውስጡ የበቀለው እባጭ ብዙ ጊዜ አንዱ ከአንዱ ተጠጋግቶ፥ መልኩም ተቀራርቦ ይጠብቀዋል። ቋንቋችን ያልለየውን ዓይንም በቀላሉ አይለየውም።

ፒቱታሪ ዕጢ መጠኑ ከአተር ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ክብደቱም ከ1 ግራም በታች ነው። የተቀመጠው በራስ ቅል ወለል መካከል፥ ሊቃውንት የቱርክ ኮርቻ ብለው በሰየሙት የአጥንት ጕድጓድ ውስጥ ነው። በግራና በቀኙ ካሮቲድ የሚባሉት ታላላቅ የደም ቅዳዎች ያልፋሉ፤ ከበላዩ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ይጋጠማሉ። እባጩን ጨርሶ ያላወጣ ሐኪም በሽታውን ትቶ ይወጣል። ከእባጩ ጋራ ዕጢውን የቈረጠ ደግሞ በሽተኛውን ዕድሜ ልኩን የሆርሞን ኪኒን እንዲውጥ ይፈርድበታል፤ ኪኒኑ በተቋረጠበትም ቀን ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የኋለኛው የዕጢው ክፍል የተጎዳበት ሰው ቀንና ሌሊት ውሃ ሲጠማውና ሲሸና ይኖራል። እንግዲህ በዚህ ቦታ «ብዙ ማውጣት» ብቻውን ሙያ አይደለም፤ መተው ያለበትን ለይቶ መተውም ግማሹ ሥራ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የትችታችን መሠረት እዚህ ላይ ነውና።

መንገዱ አዲስ አይደለም። በአፍንጫ በኩል ወደዚህ ዕጢ የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን የተደረገው በ1907 በኢንስብሩክ ከተማ በሐኪሙ በሄርማን ሽሎፈር እጅ ነበር። በ1960ዎቹ የሞንትሪያሉ ዡል አርዲ ማይክሮስኮፕ አስገቡበት፤ በ1990ዎቹም በፒትስበርግ እነ ጆና ካራው ኢንዶስኮፕ የሚባለውን ቀጭን የመመልከቻ ዘንግ ብቻ ይዘው መሥራት ጀመሩ። ኢንዶስኮፑ ማይክሮስኮፑ የማያየውን ጥግ ያሳያል። ቢሆንም የሚያሳየው ቅርጽንና መልክን ነው፤ ሥጋው ምን እንደ ሆነ አይናገርም። ቀለሙ የተጠራው ይህን ጕድለት ይሞላል ተብሎ ነው።

ከቀለሞቹ ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ፍሉዎረሲን የተባለው በ1871 በኬሚስቱ በአዶልፍ ፎን ባየር የተሠራ ሲሆን፥ ሰማያዊ መብራት ሲያርፍበት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። በ1947 ጆርጅ ሙር የተባሉ የሚኒሶታ ሐኪም እባጭን ከጤነኛ ሥጋ ለመለየት ስለ ማገልገሉ ጽፈውለታል። ሁለተኛው ኢንዶሳያኒን ግሪን ነው። ይህ በአሜሪካ ለሰው እንዲሰጥ የተፈቀደው በ1959 ሲሆን፥ የተፈቀደውም የልብንና የጉበትን ሥራ ለመለካት ነበር። የሚበራው ዓይናችን በማያየው ታሕተ ቀይ በሚባለው ብርሃን፥ በ830 ናኖሜትር አካባቢ ስለ ሆነ የተለየ ካሜራ ይፈልጋል። ሦስተኛው በትክክል ሲነገር ቀለም አይደለም። 5 አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ይባላል፤ በሽተኛው በውሃ በጥብጦ ይጠጣዋል፤ በሕዋሳት ውስጥም ፖርፊሪን ወደሚባል ነገር ተለውጦ በሰማያዊ መብራት ቀይ ሆኖ ይታያል።

ይህ ሦስተኛው ነው የሁሉንም ስም ያስጠራው። በ2006 ቫልተር ሽቱመርና ባልደረቦቻቸው በጀርመን አገር ያደረጉት ምርመራ፥ ግሊዮማ የተባለውን ክፉ የአንጎል ነቀርሳ ይዘው የመጡትን በሽተኞች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፥ ለአንደኛው ወገን መድኃኒቱን ሰጥቶ ለሁለተኛው ሳይሰጥ አወዳደረ። ከተመረመሩት 270 ሰዎች መካከል መድኃኒቱን ከጠጡት በ65 በመቶው፥ ካልጠጡት ግን በ36 በመቶው ብቻ ላይ እባጩ ጨርሶ መውጣቱ በኤም አር አይ ታየ። በሽታው ሳያገረሽባቸው 6 ወር የቆዩትም በፊተኛው ወገን 41 በመቶ፥ በሁለተኛው 21 በመቶ ሆኑ። ይህ ሥራ የተከበረ ሥራ ነው፤ እኛም የምንነቅፍበት ነገር አላገኘንም። የምንነቅፈው ከእርሱ በኋላ የመጡት ጸሓፊዎች ስለ ሌላ ብልት በሚጽፉት መጣጥፍ መግቢያ ላይ ይህን ቍጥር እየጠቀሱ፥ ወዲያው ወደ ራስ ቅል ወለል መሻገራቸውን ነው። በመካከሉ ያለውን ድልድይ ማንም አልሠራውም።

ለምን ቢባል፥ አንጎል ከሌላው የሰውነት ክፍል የተለየ አጥር አለው። በአንጎል ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳቸው ጥብቅ ስለ ሆነ በደም የመጣው ነገር ሁሉ ወደ አንጎል አይገባም። ነቀርሳው ባለበት ቦታ ግን አጥሩ ይፈርሳል። ስለዚህ ፍሉዎረሲን በደም ሥር የተሰጠው የግሊዮማ በሽተኛ እባጩ ቢበራ፥ የበራው አጥሩ የፈረሰበት ቦታ ነው፤ በአንጎል ውስጥ ደግሞ አጥሩ የፈረሰበትና እባጩ ያለበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ወደ ፒቱታሪ ዕጢ ስንመጣ ይህ ማስረጃ ከሥሩ ይነቀላል። ጤነኛው ፒቱታሪ በተፈጥሮው ከአጥሩ ውጭ ነው። ሆርሞኑን ወደ ደም የሚያፈስስ ብልት ስለ ሆነ የደም ሥሮቹ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው፤ ቀለሙ ወደ እባጩ እንደሚገባ ወደ ጤነኛውም ይገባል። አጥር በሌለበት መስክ አጥር ፈረሰ ብሎ መመስከር አይቻልም። የሚያስገርመን ይህ ነገር በማንኛውም የፊዚዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ሳለ፥ ካነበብናቸው መጣጥፎች ጥቂቶቹ ብቻ በግልጽ ማንሣታቸው ነው።

5 አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ በአጥሩ ላይ ብቻ የተመሠረተ ስላልሆነ ከዚህ ነቀፌታ በከፊል ያመልጣል። በአንጎል ሽፋን ላይ የሚበቅሉት ሜኒንጂዮማዎች አብዛኛውን ጊዜ በእርሱ ይበራሉ። በፒቱታሪ እባጭ ላይ ግን ወሬው እርስ በርሱ አይስማማም፤ አንዱ ሲመሰግነው ሌላው በዓይን የሚታይ ብርሃን አላገኘሁም ይላል። ከዚህም ሌላ ሰማያዊ መብራት በሥጋ ውስጥ ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ደም ደግሞ ይውጠዋል። በጠባብ አፍንጫ ውስጥ ደም ሳይኖር የሚሠራ ሐኪም ካለ እንዲነገረን እንወዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ ኢንዶሳያኒን ግሪን እንመለስ። በ2016 ከሆላንድ አገር ከላይደን የወጣው ጽሑፍ፥ ቀለሙ በጥቂት ሚሊግራም በኦፕራሲዮኑ ሰዓት በደም ሥር ሲሰጥ ጤነኛው ዕጢ ከእባጩ ይልቅ ደምቆ እንደሚታይ ይገልጻል። በ2018 አካባቢ ደግሞ ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የዶክቶር ጆን ሊ ወገን ያወጣቸው ጽሑፎች አሉ። እነዚህ ሐኪሞች ያንኑ ቀለም በብዙ መጠን፥ በሰውነት ክብደት በ1 ኪሎ እስከ 5 ሚሊግራም ድረስ፥ ከኦፕራሲዮኑ 24 ሰዓት ያህል አስቀድመው ይሰጣሉ፤ በማግሥቱም የሚበራው እባጩ ነው ይላሉ። አንባቢ ልብ ይበል። ቀለሙ አንድ ነው፤ ዕጢውም አንድ ነው፤ ሥዕሉ ግን ተገለበጠ። በአንደኛው ትምህርት የበራውን ተውት ይባላል፤ በሁለተኛው የበራውን አውጡት ይባላል።

ሁለቱም ወገኖች ውሸት ጽፈዋል አንልም። እንዲያውም ሁለቱም እውነት ሊሆኑ የሚችሉበት ምክንያት አለ። ኢንዶሳያኒን ግሪን ደም ውስጥ እንደ ገባ ከደሙ ፕሮቲን ጋራ ይጣበቃል፤ ጉበትም እየለቀመ ወደ ሐሞት ስለሚያወጣው በ3 ወይም በ4 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ከደም ይጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የምናየው ብርሃን የደም ብርሃን ነው። ጤነኛው ዕጢ ደም የሞላበት ስለ ሆነ ይደምቃል፤ እባጩ የደም ሥሩ ያነሰ ስለ ሆነ ይዘገያል። ኤም አር አይም ቢሆን ትንንሽ እባጮችን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ተከታታይ ሥዕል እያነሣ ዘግይቶ የሚበራውን ነጥብ ይፈልጋል። በማግሥቱ ግን በደም ውስጥ ያለው ቀለም አልቋል፤ የሚታየው ከደም ሥር አምልጦ በሥጋው መካከል የቀረው ዝቃጭ ነው። የመጀመሪያው ሥዕል የወንዙ ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው ወንዙ ከጐደለ በኋላ የቀረው የረግረጉ ሥዕል ነው። ሁለቱም «እባጭ» የሚል ጽሕፈት በላያቸው የለም።

ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው? ጥፋቱ የሥዕሉ ሰዓትና መጠን ከሥዕሉ ጋራ አለመጻፉ ነው። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከመካከላችን አንዱ ሥዕሎቹን በሙሉ ሰብስቦ፥ ከሥራቸው ያለውን መግለጫ በወረቀት ሸፍኖ፥ የቱ እባጭ እንደ ሆነ እንድንናገር ጠየቀን። ከተከራከርን በኋላ አንስማማም ብለን ወረቀቱን አነሣነው። እኛ ተማሪዎች ነን፤ የሐኪም ዓይን የለንም። ነገር ግን ቀለሙ የተወደሰው የሐኪም ዓይን የማይለየውን ይለያል ተብሎ ስለ ሆነ፥ መግለጫው ሲሸፈን የሚጠፋ ልዩነት በመግለጫው ውስጥ ነው ያለው ብንል ድፍረት አይመስለንም።

በማግሥቱ ስለሚታየው ሥዕል ደግሞ ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛው ስለ መጠኑ ነው። የኢንዶሳያኒን ግሪን የአሜሪካ የፈቃድ ወረቀት ለአዋቂ ሰው ጠቅላላው መጠን በ1 ኪሎ ክብደት ከ2 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ያዛል። 5 ሚሊግራም ከዚያ በላይ ነው፤ በምርምር ፈቃድ ይደረግ እንደ ሆነ አንቃወምም፤ ሆኖም ከ1959 ጀምሮ የሚሰጥ መድኃኒት ነውና ደኅንነቱ የታወቀ ነው የሚለው ቃል በዚህ መጠን ላይ አይሠራም። ሁለተኛው፥ ራሳቸው ጸሓፊዎቹ እንደሚያምኑት በዚህ ዘዴ እባጭ ሆኖ ሳይበራ የሚቀር ጥቂት ነው፤ እባጭ ሳይሆን የሚበራው ግን ብዙ ነው። በአንጎል ጥግ ላይ እንዲህ ያለውን ስሕተት መታገሥ ይቻል ይሆናል። በፒቱታሪ ግን ያለ ጥፋቱ የሚበራው ያው የአተር ፍሬ የሚያህለው ዕጢ ነው።

ስለ ካሜራውም ጥቂት እንበል፤ ይህ ለፊዚክስ ተማሪዎች ቀላል ነው። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቍጥር በርቀቱ ካሬ ልክ ይቀንሳል። ኢንዶስኮፕ የያዘ እጅ በአፍንጫ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲል ርቀቱ በእጥፍ ይለዋወጣል፤ እጥፍ የራቀው ቦታ በአራት እጅ ይጨልማል። ብዙ ካሜራዎች ደግሞ ሥዕሉ ሲደበዝዝ ራሳቸው አጉልተው ያደምቁታል። ስለዚህ አንድ ነገር በቴሌቪዥኑ ላይ መድመቁ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ጸሓፊዎቹ ይህን አውቀው የእባጩን ብርሃን በጎረቤቱ ሥጋ ብርሃን አካፍለው ያቀርቡታል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ጎረቤቱን ማን መረጠው? አብዛኛውን ጊዜ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ፥ የፓቶሎጂው መልስ ከታወቀ በኋላ፥ ያው ሰው በሥዕሉ ላይ ክብ አድርጎ የመረጠው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በአሳብ የላቀው በፎሌት ላይ የተመሠረተው ዘዴ ነው፤ ይህን ሳንመሰክር ብናልፍ ግፍ ይሆናል። ሆርሞን የማያመነጩት የፒቱታሪ እባጮች ብዙዎቹ በላያቸው ፎሌትን የሚቀበል ፕሮቲን አብዝተው ይይዛሉ። ስለዚህ በታሕተ ቀይ የሚበራ ቀለም ከፎሌት ጋራ አያይዞ ቢሰጥ ቀለሙ ራሱ ሄዶ እባጩን ይይዛል። ይህ የወንዝ ወይም የረግረግ ነገር አይደለም፤ የቍልፍና የቀዳዳ ነገር ነው። ፓፎላሲያኒን የተባለው ይህ መድኃኒት በ2021 በአሜሪካ ለእንቁላል ከረጢት ነቀርሳ፥ በ2022 ደግሞ ለሳንባ ተፈቅዷል፤ በፒቱታሪ ላይም የፔንሲልቫኒያው ወገን ሞክሮት፥ ፎሌት ተቀባዩ በበዛባቸው እባጮች ላይ መልካም ውጤት አግኝቷል።

ነገር ግን ማን ነው የሚጠቀመው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ደስ አያሰኝም። ሆርሞን የማያመነጭ እባጭ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዓይነ ሥውርነት ሊያስከትል እስኪደርስ ካደገ በኋላ ነው፤ ትልቅ ስለ ሆነ ሐኪሙ ዋናውን አካሉን ያለ ቀለምም ያየዋል፤ ቀለሙ የሚረዳው በዳር የቀረውን ቅሬታ በማሳየት ነው። ቀለሙ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው የኩሺንግ በሽታ ላለበት ሰው ነበር። የዚህ በሽተኛ እባጭ የጥቂት ሚሊሜትር ሆኖ ኮርቲሶል ከልክ በላይ እንዲመነጭ ያደርጋል፤ ፊቱን ያሳብጣል፥ አጥንቱን ያደክማል፥ ስኳርና የደም ግፊት ያመጣበታል፤ በኤም አር አይም ብዙ ጊዜ አይታይም። ሐኪሙ ዕጢውን እየሰነጠቀ በጭፍን የሚፈልገው በዚህ ሰው ላይ ነው። ይህ እባጭ ሆርሞን ከሚያመነጩት ወገን በመሆኑ ፎሌት ተቀባይ አይበዛበትም። ስለዚህ ቍልፉ የተሠራው ብዙም ላልጠበቀው በር ነው። የላይደኖቹ ዘዴ፥ ማለት ዕጢውን አብርቶ እባጩን በጨለማ የመፈለጉ ዘዴ፥ ለእነዚህ በሽተኞች የተሻለ ተስፋ ያለው ይመስለናል፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ትንሽ ጨለማ ነጥብ በላዩ ላይ በተኛ ጤነኛ ሥጋ ብርሃን ሊሸፈን ይችላል።

በመጨረሻ የማስረጃውን ዓይነት እንመልከት። ቀለም እባጭን ለየ ለማለት ከበራውም ካልበራውም ቦታ ናሙና ተወስዶ፥ የትኛው ከየት እንደ መጣ የማያውቅ ፓቶሎጂስት ሊመረምረው ይገባል። በራስ ቅል ወለል ላይ ግን ከጨለማው ቦታ ናሙና መውሰድ ማለት ጤነኛ ነው ተብሎ የሚታሰበውን ዕጢ መቍረጥ ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሐኪም የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ስለዚህ በየመጣጥፉ የምናየው «ያልበራው ጤነኛ ነበር» የሚለው ቍጥር በጥቂት ናሙና ላይ፥ ያውም ሐኪሙ አስቀድሞ ከጠረጠረው ቦታ በተወሰደ ናሙና ላይ የቆመ ነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የቦታው ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ ቍጥሩን የሚያትም ሰው ይህን ሊጽፍ ይገባዋል። ከዚህ ችግር መውጫው ቍጥሩን ከናሙና ወደ በሽተኛው ማዛወር ነው። የጀርመኑ ምርመራ እንዳደረገው በሽተኞችን በዕጣ ከፍሎ፥ ቀለም ያገኙትና ያላገኙት ከወራት በኋላ ስንቶቹ ያለ ሆርሞን ኪኒን ይኖራሉ፥ የስንቱስ እባጭ ቀርቷል ብሎ መጠየቅ ነው። እባጩ በራ አልበራም የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ሁለተኛ ይሆናል።

ስለ ቀለም ክፉ ብቻ ተናግረን እንዳንሄድ፥ በዚሁ በራስ ቅል ወለል ላይ በርግጥ ያገለገለበትን እንጥቀስ። ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ በአጥንቱ ላይ የተከፈተውን ቀዳዳ ለመድፈን፥ የአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ሽፋን ከነደም ሥሩ ተገልብጦ ይለበጥበታል። ሽፋኑ ደም ካላገኘ ይሞታል፤ የአንጎል ውሃም በአፍንጫ ይፈስሳል፤ ማጅራት ገትርም ይከተላል። ኢንዶሳያኒን ግሪን በደም ሥር ሰጥቶ ሽፋኑ ሲበራ ማየት ደም መድረሱን ወዲያው ያስረዳል። እንዲሁም በእባጭ የተከበበው ካሮቲድ ከመነካቱ በፊት የት እንዳለ ያሳያል። ፍሉዎረሲንም፥ ለዚህ አገልግሎት የተፈቀደ ባይሆንም፥ በጣም በጥቂቱ በጀርባ በኩል ወደ አንጎል ውሃ ሲሰጥ ውሃው የሚያፈስስበትን ቀዳዳ በአረንጓዴ መልኩ ያጋልጣል፤ መጠኑ ቢበዛ ግን የሚጥል በሽታ ያስነሣል። በእነዚህ ሁሉ ቀለሙ የሚጠየቀው የሚያውቀውን ነው፤ ደም አለ ወይስ የለም፥ ውሃ ይፈስሳል ወይስ አይፈስስም። ስለ እባጭ ሲጠየቅ ግን የሚመልሰው ስለ ደም ነው፤ መልሱን ወደ እባጭ የሚተረጕመው ሐኪሙ ነው፤ ትርጕሙም የሚለዋወጠው በሰዓቱና በመጠኑ ነው።

ስለዚህ ወደፊት በዚህ ነገር ለሚጽፉ ሁሉ አንድ ትንሽ ጥያቄ እናቀርባለን። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ቀለሙ በስንት ሚሊግራም፥ ከስንት ደቂቃ ወይም ከስንት ሰዓት በፊት እንደ ተሰጠ፥ ካሜራው ብርሃኑን ራሱ ያደምቀው ወይም አያደምቀው እንደ ሆነ ይጻፍልን፤ ከጐኑም ያው ቦታ በተራ ነጭ መብራት ሲታይ የተነሣው ሥዕል ይታተምልን።